ስለ ቀድሞ ዘመን የብር ኖቶች መለያና ዋጋ አሰጣጥ የቀረበ ትችት

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የቀድሞ ዘመን የብር ኖቶችን የሚሰበስቡ ሰዎች በአገራችንም በውጭ አገርም እየበዙ ሄደዋል። በዐዲስ አበባ የጥንት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው ኖቶች በላስቲክ ተሸፍነው ከመስቀሉና ከጠገራው ብር ጎን ተደርድረው ይታያሉ። በተለይም መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፥ የ50ና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ እንዲለወጡ፥ የ200 ብር ኖትም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲወጣ መወሰኑ ከተነገረ በኋላ፥ ትናንት በእጃችን ስንገበያይበት የነበረው ወረቀት ሳይቀር የሰብሳቢ ዕቃ ሆኗል።

እንግዲህ አንድ አሮጌ ኖት ከሣጥን በወጣ ጊዜ፥ የመቼ ነው? እውነተኛ ነው ወይስ ሐሰተኛ? ምንስ ያወጣል? የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይነሣሉ። ለእነዚህ ጥያቄዎች ዳኛ ሆኖ የሚጠራው ዘወትር አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ነው። ይኸውም አልበርት ፒክ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ መሠረቱን የጣሉት፥ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ከ1975 ጀምሮ በአሜሪካ እየታደሰ ሲታተም የኖረው «ስታንዳርድ ካታሎግ ኦቭ ወርልድ ፔፐር መኒ» የተባለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ መጽሐፍና ከእርሱ የተወለደው የሰብሳቢዎች ልማድ የእኛን ኖቶች በምን ዓይን እንደሚያዩ፥ በምን እንደሚጠቅሙንና በምን እንደሚያጎድሉብን መመርመር ነው። እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

ትችት ማለት ነቀፌታ ብቻ አይደለምና አስቀድመን የመጽሐፉን ምስጋና እንናገር። መጽሐፉ የየአገሩን ኖቶች በአወጣቸው ባንክ፥ በወጡበት ዘመንና በገንዘባቸው መጠን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቁጥር ይሰጣል። ዛሬ አንድ የዐዲስ አበባ ነጋዴና አንድ የለንደን ሰብሳቢ ሳይተያዩ ስለ አንድ ኖት ሊስማሙ የቻሉት ስለዚህ ቁጥር ነው። ኖቱን ማን እንዳተመው፥ ምን ሥዕል እንዳለበት፥ የማን ፊርማ እንዳረፈበት ለይቶ ይጽፋል። እኛ ራሳችን ይህን የመሰለ ዝርዝር በአማርኛ አዘጋጅተን ለሕዝብ ሳናቀርብ ሌላው የሠራውን ማቃለል አይገባንም። ይሁን እንጂ የሰጡንን ሁሉ እንዳለ መቀበልም የአዋቂ ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያው ጉድለት ከስም ይነሣል። ካታሎጉ የኢትዮጵያን ኖቶች «ታለር»፥ «ዶላር»፥ «ብር» በሚሉ ሦስት አርእስት ይከፍላቸዋል። ይህን ክፍፍል ያነበበ እንግዳ ሰው «ብር» የሚባለው ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1976 የተወለደ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የአቢሲንያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1915 የመጀመሪያዎቹን ኖቶች ሲያወጣ በአማርኛው ጽሑፍ ገንዘቡን «ብር» ብሎታል። በ1937 ዓ.ም. የወጣውም ኖት በእንግሊዝኛው በኩል «የኢትዮጵያ ዶላር» ሲል በአማርኛው በኩል «ብር» ይላል። በ1969 ዓ.ም. የተለወጠው የእንግሊዝኛው ስም ነው እንጂ፥ የአገሩ ሰው ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ የሚጠራበት ስም አንድ ነው። ስለዚህ በካታሎጉ ሦስት ገንዘብ ሆኖ የሚታየው በአንባቢው ቋንቋ አንድ ገንዘብ ነው።

ይህ የስም ክርክር ብቻ ሆኖ እንዳይታይ፥ ቃሉ በውስጡ ያለውን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። «ብር» ማለት አስቀድሞ ማዕድኑ ራሱ ነው። ሕዝቡ ለብዙ ዘመን ያመነው ገንዘብ በ1780 እ.ኤ.አ. ዓመት ተቀርጾ የቀረው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ይህንም ገንዘብ እንዲያው በጭፍን አልተቀበለውም። በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን እንክብሎች እየቆጠረ፥ በድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን እያዳመጠ፥ በእጁ እየመዘነ ነበር የሚቀበለው። መለያና ዋጋ አሰጣጥ ማለት እንግዲህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም፤ ገበያተኛው ሁሉ የሚያውቀው ሙያ ነበር። ወረቀት ግን አይጮኽም፥ አይመዘንምም። ወረቀትን «ብር» ብሎ መጥራት ራሱ ትልቅ እምነት የሚጠይቅ ነገር ነበር። ለዚህም ነው የአቢሲንያ ባንክ ኖት ብዙ ጊዜ ከከተማና ከነጋዴ እጅ ርቆ ሳይሄድ የኖረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የዚሁ እምነት ፈተና ነው። የአቢሲንያ ባንክ ቀርቶ በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ፤ በማግሥቱም ዓመት አጋዘን፥ ነብር፥ አንበሳ፥ ዝሆንና ጦረኛ የተሣሉባቸውን ኖቶች አወጣ። አራት ዓመት ሳይሞላ ጠላት ገባ፤ ከሐምሌ 1928 ዓ.ም. ጀምሮም የኢጣልያ ሊሬ የአገሩ ገንዘብ ይሁን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ተብሎ ቀይ ጽሑፍ በላዩ የታተመበት የሊሬ ኖት ተዘጋጀ። ከነጻነት በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ ገባ። በመጨረሻም ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ኖት ወጥቶ አንድ ብር በ2 ሺልንግ ተመነዘረ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ አምስት ዓይነት ወረቀት ተፈራርቆበት ያየ ባላገር ጠገራውን በማሰሮ ቢቀብር ማን ይፈርድበታል? ካታሎጉ እነዚህን ሁሉ በቁጥር ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል፤ በመካከላቸው ያለውን መጠራጠር ግን የሚያሳይበት ዓምድ የለውም።

ሁለተኛው ጉድለት ከዘመን አቆጣጠርና ከአከፋፈል ይመጣል። በኋለኛው ዘመን ካታሎጉ በየጥራዙ ሲከፋፈል ድንበሩ እ.ኤ.አ. 1960 ሆነ። ይህ ዓመት ለእኛ ገንዘብ ታሪክ ምንም ትርጉም የለውም። አንዱ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1937 ዓ.ም. ያወጣው ኖት በአንዱ ጥራዝ ሲቀር፥ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው ኖት ወደ ሌላው ጥራዝ ተዛወረ። አንድ ንጉሠ ነገሥት፥ አንድ ባንክ፥ አንድ የገንዘብ ስም ሳለ ታሪኩ በሁለት መጽሐፍ ተቆረጠ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣቸው ኖቶች የቀደሙትን ሥዕሎች ለምን እንደ ለወጡ፥ በአርሶ አደሩ ፈንታ የምጽዋ ወደብ፥ በምክር ቤቱ ፈንታ የቆቃ ግድብ ለምን እንደ ገባ ለመረዳት የሚሻ ሰው ሁለቱን ጥራዞች ገልጦ ማስተያየት ግድ ይሆንበታል።

በዓመተ ምሕረቱም በኩል ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአብዮቱ በኋላ የወጡት የብር ኖቶች 1969 የሚል ዓመት አለባቸው። የአገራችንን አቆጣጠር የማያውቅ ሻጭ ይህን እንደ ፈረንጅ ዓመት አንብቦ «የኃይለ ሥላሴ ዘመን ኖት» ብሎ ሲሸጠው ተመልክተናል። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል በሌለበት ወረቀት ላይ ይህን ማለት እንዴት እንደሚቻል ያስገርማል። ካታሎጉ ራሱ በዚህ ነገር አይነቀፍም፤ የኢትዮጵያ ዘመን መሆኑን በምልክት ያስታውቃልና። ስሕተቱ መጽሐፉን ሳያነቡ ቁጥሩን ብቻ ከሚጠቅሱት ሰዎች ነው። ከዚህም ሌላ ይኸው 1969 የሚለው ዓመት ገዢዎቹ ሲለዋወጡ አልተለወጠም። እንግዲህ ኖቱ በርግጥ መቼ እንደ ታተመ የሚነግረን ዓመቱ ሳይሆን ፊርማው ነው። በ1937 ዓ.ም. በወጣው ኖት ላይም ነገሩ እንዲሁ ነው፤ አሜሪካዊው የባንኩ ገዢ ጆርጅ ብሎወርስ የፈረሙበት ከኋለኞቹ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጡት ላይ ደግሞ የአቶ ምናሴ ለማ ፊርማ ይገኛል። ስለዚህ ኖት የሚለይ ሰው ከሥዕሉ በፊት ፊርማውን ማንበብ ይልመድ።

ስለ ሥዕሉ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ የዚህ መጽሔት አንባብያን ይታዘቡኛል። በ1937 ዓ.ም. በወጣው የ1 ብር ኖት ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፥ በ5 ብሩ ላይ ደግሞ ቀፎ የተሰቀለበት የግራር ዛፍ አለ። ካታሎጉ እነዚህን በአንድ መሥመር «ገበሬ»፥ «ቀፎ ያለበት ዛፍ» ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከዚህ የበለጠ አይጠበቅበትም። ለባህል ተመራማሪ ግን ቀፎው በዛፍ ላይ መሰቀሉ፥ ሞፈሩና ቀንበሩ ራሱን የቻለ ጥናት ነው። ከፍ ወዳለው ገንዘብ ስንወጣ፥ በ10 ብሩ የጊዮርጊስ አደባባይና የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት፥ በ50ው ምክር ቤቱ፥ በ100ው ቤተ መንግሥቱ፥ በ500ው የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ይከተላሉ። ከእርሻ ተነሥቶ ወደ መንግሥትና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ደረጃ ነው። ድሃው በእጁ የሚይዘው ወረቀት የድሃውን ሥራ፥ ባለጸጋው የሚይዘው የመኳንንቱን አደባባይ ያሳያል። ይህን ቅደም ተከተል ማስተዋል ኖቶቹን አንድ ላይ ማየት ይጠይቃል፤ ለየብቻቸው በዋጋ የሚሸጡና የሚገዙ ሰዎች ግን ይህን አያዩትም።

ሦስተኛውና ዋነኛው ጉድለት በዋጋ አሰጣጡ ላይ ነው። ሰብሳቢዎች አንድን ኖት የሚመዝኑት በንጽሕናው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ያላለፈ፥ አንድም እጥፋት የሌለበት ኖት «ያልተዘዋወረ» ተብሎ በላይኛው ወንበር ይቀመጣል። ከዚያ ጥቂት ቀላል እጥፋት ያለበት፥ ከዚያ ብዙ እጥፋት ያለበት፥ ከዚያ ጠርዙ የተቀደደ፥ ከዚያ መካከሉ የተበሳ እየተባለ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የባንክ ኖት ማኅበርም ይህን ደረጃ በዝርዝር ጽፎታል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ለአሜሪካ የመዳብ ሳንቲሞች ያወጡት የ70 ነጥብ ሚዛን ለወረቀትም ተወስዶ ኖቱ ከነነጥቡ በላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል። በዚህ ቋንቋ ያልሠለጠነ ሻጭ እንዳይታለል አንድ ነገር ይወቅ፤ በሰብሳቢዎች አነጋገር «ጉድ» ማለት፥ በእንግሊዝኛ «መልካም» ማለት ቢሆንም፥ እጅግ ያረጀና የተጎሳቆለ ኖት ስም ነው። ገዢው «ኖትህ ጉድ ነው» ቢለው ምስጋና አይምሰለው።

ይህ ሚዛን ለአታሚው ሥራ ፍርድ ለመስጠት ይበጃል። የቅርጹን ጥራት፥ የቀለሙን ድምቀት ለማየት ያልተነካ ኖት ያስፈልጋልና። ነገር ግን ገንዘብ የተሠራው ለመዘዋወር ነው። ያልተዘዋወረ ገንዘብ ከማተሚያ ቤት ወደ ባንክ፥ ከባንክ ወደ ሰብሳቢ ሣጥን የሄደ ወረቀት ነው፤ ስለ አገሩ ሰው ኑሮ የሚናገረው ጥቂት ነው። በሰብሳቢው ዘንድ ጉድለት የሚባለው እጥፋት ግን ለእኛ ጽሑፍ ነው። በስምንት ታጥፎ እንደ ጥፍር ያነሰ ኖት በሴት መቀነት ቋጠሮ ውስጥ የኖረ ነው። በቁመቱ አንድ ጊዜ ብቻ የታጠፈ ከመጽሐፍ መካከል የተቀመጠ ይሆናል። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ቁጥር የተጻፈበት የዕቁብ ወይም የመደብር ሒሳብ ተይዞበታል። የስቴፕለር ሽቦ ቀዳዳ ያለበት በጥቅል ታስሮ ነበር። የጥቀርሻ ሽታ ያለበት ከጣሪያ ሥር ተሰክቶ የነበረ ነው። በሠርግ ቤት በአዝማሪ ግንባር የተለጠፈ ኖት ላብና ቅባት ጠጥቷል። እነዚህን ምልክቶች ሁሉ የ70 ነጥቡ ሚዛን በአንድ ዓይነት ይቀንስባቸዋል፤ የመቀነቱን ከአዝማሪው፥ የአዝማሪውን ከነጋዴው አይለይም።

ይህን የምናገረው ከመጽሐፍ ተምሬ ብቻ አይደለም፤ የራሴ በደል አለብኝ። ከብዙ ዓመት በፊት አክስቴ ከመቀነታቸው ፈትተው አንድ የ5 ብር ኖት ሰጡኝ፤ ቀፎና ግራር ያለበት ነበረ። በስምንት የታጠፈ፥ እጥፋቱ ቡናማ መሥመር የሠራ፥ ቅቤ ቅቤ የሚሸት ነው። እኔም የማሳምረው መስሎኝ በልብስ ዱቄት ሳሙና ነክሬ፥ በብረት ካውያ ተኮስኩት። ካውያው ቀለሙ በጎርባጣነት የቆመበትን ቅርጽ ደፈጠጠው፤ ወረቀቱም ጥንካሬውን አጥቶ እንደ ጨርቅ ለሰለሰ። አንድ ሰብሳቢ ቢያየው «ታጥቦ ተተኩሷል» ብሎ ወዲያውኑ መለሰልኝ። ይህ ብቻ ቢሆን በዋጋ ጉዳት ባለፈ ነበር። ኋላ ለአክስቴ ባሳየኋቸው ጊዜ ግን አገላብጠው አዩትና፥ «ልጄ፥ ይህስ የኔ አይደለም» አሉኝ። ያን ብር የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ወንድማቸው ለአራስ ጥሪ የሰጧቸው ኖሯል። የንጉሡ ኖት ይቀየር በተባለ ጊዜም ሳይቀይሩት ያስቀሩት ገንዘብ መሆኑን ረስተው ሳይሆን፥ የማይወጣ ገንዘብ ስለሆነ ነበር። እኔ ቀድሜ ብጠይቃቸው ይህን ሁሉ እጽፈው ነበር። ሳልጠይቅ አጠብኩት።

ከዚህ የምንማረው ስለ ብርቅነትም ነው። ብዙዎች አሮጌ የሆነ ሁሉ ውድ ይመስላቸዋል። ዋጋን የሚያወጣው ዕድሜው ወይም የታተመው ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ወደ ባንክ ሳይመለስ የቀረው ብዛትና የሚፈልገው ሰው ቁጥር ነው። የ1 ብርና የ5 ብር ኖት ሰው ለመታሰቢያ ቢያስቀር ብዙ አይጎዳም፤ ስለዚህ በየሣጥኑ ተገኝቶ ዋጋው ዝቅ ይላል። በ1937 ዓ.ም. የነበረውን 500 ብር ግን ለመታሰቢያ የሚያስቀር ማን ነበር? ባለቤቱ አስቀድሞ ቀይሮታል፤ ስለዚህ ዛሬ ብርቅ ነው። የአቢሲንያ ባንክ ኖቶችም የተረፉት ጥቂት ናቸው። አንድ ትንሽ ኖት ለምን እንደ ተረፈ መጠየቅ እንግዲህ የዋጋም የታሪክም ጥያቄ ነው።

ብርቅ የሆነ ነገር ደግሞ አስመሳይ ይከተለዋል። ለመለየት የሚረዱት ምልክቶች ብዙ አያስቸግሩም። እውነተኛው ኖት በተቀረጸ ብረት የታተመ ከሆነ ፊደሉና ምስሉ በጣት ሲዳሰስ ይጎረብጣል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይም መሥመሩ ያልተቋረጠ ነው። በፎቶ ኮፒና በዘመኑ ማተሚያ የተሠራው ግን በነጠብጣብ የተሞላ ሆኖ ይታያል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ወረቀት በአልትራ ቫዮሌት መብራት ሥር ደብዝዞ ይቀራል፤ የዛሬው የቢሮ ወረቀት ግን ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። እዚህ ላይ አንድ አስቂኝም አሳዛኝም ነገር አለ። በልብስ ዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው የማንጫ ቅመም ራሱ በዚህ መብራት ያበራልና፥ እውነተኛ ኖት አጥቦ የሚያስውብ ሰው በገዛ እጁ ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

«ንጹሕ ኖት የሚወደደው ገዢው ስለሚፈልገው ነው፤ ገበያን በትችት ማስለወጥ አይቻልም» የሚል መልስ ይሰጠን ይሆናል። እውነት ነው፤ ዋጋውን አንከራከርም። ሰብሳቢዎች ባይኖሩ ኖሮ ብዙው ኖት እሳት ማያያዣ ሆኖ በቀረ ነበርና ባለውለታዎቻችን ናቸው። የማኅበራቸው መመሪያም ኖት ማጠብንና መተኮስን አጥብቆ ይከለክላል፤ በዚህ ከእኛ ጋር አንድ ናቸው። የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኖቱ በላስቲክ ከመታሸጉና ነጥብ ከመቀበሉ በፊት ታሪኩ ይጻፍ። የታሸገው ኖት የባለቤቱን ስም፥ የመንደሩን ስም፥ የተገኘበትን ሣጥን አይናገርም፤ ከተሸጠ በኋላ ደግሞ የሚጠይቀው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ አሮጌ ኖት ያገኘ ሰው እንዲህ ቢያደርግ መልካም ነው። አይጠበው፥ አይተኩሰው፥ የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፈው። ከእጥፋቱ ሳይዘረጋ አስቀድሞ በፎቶግራፍ ያንሣው። የባንኩን ስም በአማርኛው በኩል እንዳለ ይጻፍ፤ ዓመቱንና ፊርማውን፥ ተከታታይ ቁጥሩንም ይመዝግብ። ከዚያ ማን እንዳስቀመጠው፥ በምን ውስጥ እንደ ነበረ፥ ለምን ሳይቀየር እንደ ቀረ ባለቤቱን ይጠይቅ። በመጨረሻ ፀሐይ በማይነካው ቦታ፥ ከማያጣብቅና ወረቀት ከማይበላ ላስቲክ ውስጥ ያኑረው። የካታሎጉን ቁጥር ከዚህ ሁሉ በኋላ ቢፈልግ አይዘገይም።

የገንዘባችንን ታሪክ ከአሞሌና ከጠገራ ብር አንሥቶ ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ሌሎች ሊቃውንት ደክመው ጽፈውልናል። የወረቀቱን ታሪክ ከሕዝቡ እጅ አንሥቶ መጻፍ ግን የእኛ ፈንታ ነው፤ ይህን የሚናገሩት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየቀኑ እያለፉ ነውና። በ1937 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ኖት በእጁ የተቀበለ ጎልማሳ ዛሬ በሕይወት አይገኝም፤ ልጅ ሆኖ ያየው እንኳ ጥቂት ነው። የዚህ መጽሔት አንባብያን በየቤታቸው ያለውን ኖት ከላይ በተነገረው መንገድ መዝግበው ቢያኖሩ፥ ወደፊት በአማርኛ የሚዘጋጀው መዝገብ ከዚያ ሊጀምር ይችላል።